ከሙሽራ ቀሚስ ጋር የተሰፋችው

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። ሰዓቱ የሚታወሰው የሙሽራዋ እናት ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ እንደገባች ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ቀና ብላ አይታ፣ «ዘጠኝ ብዬ ሩብ አሳለፍኩ፤ እንግዲህ ልጄ በእኔ ከወጣች ሙሽራው ብቻውን ሊቆም ነው» ብላ ስለሳቀች ነው።

ሰፊዋም ሳቀችላት። መስኮቱ ሥር ባለችው አጭር ወንበር ላይ ተቀምጣ የሙሽራዋን ቀሚስ የታችኛውን ጠርዝ በእጇ ትዘመዝም ነበር። ቀሚሱ ጉልበቷን አልብሶ፣ እግሯን ሸፍኖ፣ የቀረው ወለሉ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ተዘርግቷል። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል። እሷ ግን የት እንዳለች በቅጡ አታውቅም። ነጭ ጨርቅ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ጨርቅነቱን ይተዋል፤ መጀመሪያ ጉም ይሆናል፣ ቀጥሎ ውሃ ይሆናል፣ መርፌዋም ትንሽ ዓሣ ሆና ብልጭ ትልና ተመልሳ ትሰጥማለች። ከውሃው በላይ የሰው ድምፅ ሰማች። «እስቲ ቁመቱን እንየው» የሚል መሰላት።

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው። ክሩን ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰችና ብድግ አለች።

ቀሚሱም አብሯት ብድግ አለ።

ሙሽራዋ ልትቀበላት እጇን ዘርግታ ነበር። ሰፊዋ ሰጠቻት፤ ሙሽራዋ ሳበች፤ ሰፊዋ አብራ ተሳበች። ሙሽራዋ ግራ ገብቷት ደግማ ሳበች፤ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች። እናትየዋ ጎንበስ ብላ አየችና አፏን በመዳፏ ያዘች። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስና የሰፊዋ ግራጫ ጉርድ ከጉልበቷ ጀምሮ አንድ ክንድ ተኩል ያህል፣ በደቃቁ፣ አንዲት ጥልፍ እንኳ ሳትዛነፍ ተሰፍተዋል።

«እኔ ነኝ የማገባው ወይስ አንቺ?» አለች ሙሽራዋ።

«እንግዲህ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልዳራችሁ ነው» አለች እናትየዋ።

ከጥጉ ወንበር የሰፊዋ አባት እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው እስቲ ልዳስሰው» አሉ። የቀድሞው ልብስ ሰፊ እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጨርቅ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ልጃቸው ቀሚሱን፣ ቀሚሱም ሙሽራዋን እየጎተተ ሁሉም ተያይዘው ወደ ጥጉ ሄዱ። አዛውንቱ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

«በዕድሜሽ እንዲህ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍተሽ አታውቂም» አሉ። «መፍታቱ ያሳዝናል።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሰፊዋም ሳቀች። ሌሎቹ ሲያቆሙ ግን እሷ አላቆመችም። ሳቁ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ማንሳት እንዳቃታት የስፌት መኪና ዝም ብሎ ይሄድ ጀመር። ከዚያ ሳይታወቅ ሌላ ነገር ሆነ፤ እንባዋ ነጩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደ ጣሪያው አቀናች።

«መቀሱ የታለ?» አለች።

መቀሱ እጇ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ አባቷ መሳቅ ተዉ። የስፌት መኪና ውስጥ የላላች ብሎን እንደሚፈልግ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ጀመር።

የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «እሺታ» ይላታል። ይቺን ለነገ ብታደርሺልኝ፤ እሺ። ዚፑ ብቻ ነው፣ ምን አላት፤ እሺ። ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እሺ። አባቷ «ይቺ ልጅ ስትወለድ አዋላጇ 'አልቅሺ' ብትላት 'እሺ' ያለች ናት» ይላሉ። ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከስፌት ቤቱ በስተኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች።

አባቷ በሚሰፉበት ዘመን አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ብረት ጥላ ወለሉን አቋርጦ፣ በጠረጴዛው እግር ወጥቶ፣ ትልቁ መቀስ ከሚቀመጥበት ሲደርስ፣ የስፌት መኪናውን መርፌ ፈትተው ያወጡና ኮታቸው ኮሌታ ላይ ይሰኩታል። «ተኝቷል» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የአገር ገዢ ሱሪው ተቀዶ ቢመጣ መልሱ አንድ ነው፤ መርፌው ተኝቷል፣ ነገ ና። ሰው እንደ ቀልድ ይወስደው ነበር። ልጅቱም እንደዚያው። ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ሲለቁላት ጠረጴዛው ላይ ደማቅ የኤሌክትሪክ መብራት አስገባች። የመብራት ጥላ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ጠዋት በወደቀበት ቦታ ማታም ተጋድሞ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ መርፌው ተኝቶ አያውቅም።

አዛውንቱ ጥጉ ላይ ተቀምጠው የመንገዱን ድምፅ ይሰማሉ፤ በተለይ የማዶውን።

ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት፣ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ። ሲናገር በከንፈሮቹ መካከል ሁልጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ ስለሚይዝ «ቁልፌ» ይሉታል። ከአባቷ ጋር እኩያ ነው፤ አንድ መምህር ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት እየገመሱ ነው ሙያውን የተማሩት። ታዲያ አንድ ቀን ቁልፌ ሰው በተሰበሰበበት ስለ አባቷ «እሱ የሚሰፋው ኮት ግራ እጅጌው ሁልጊዜ ይረዝማል» ብሎ ተናገረ። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍ ለአፍ አልገጠሙም፤ በእነ እሺታ ቤት ቁልፌ በሽበቱም ቢሆን አንቱታ ተነፍጎታል። ነገር ግን አዛውንቱ ስለ እሱ ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን የለም።

«ያ ሰውዬ ምን ይሠራል?»

«ሱሪ እየሰፋ ነው አባባ።»

«የማንን?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ምስኪን» ይላሉ፤ ለባለ ሱሪው አዝነው።

የሠርጉ ሥራ ከመምጣቱ ወራት ቀደም ብሎ አንድ ሐኪም ዓይናቸውን በትንሽ መብራት አየና ብርሃናቸው ጨርሶ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድ ግን መናገር እንደማይችል ነገራቸው። አዛውንቱ አላለቀሱም፣ አልተማረሩም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ልጃቸውን አንድ ነገር ለመኗት። የአውቶቡሱ መንገድ የሚያልቅበት ቦታ ሐይቅ አለ፤ ከሟች ሚስታቸው ጋር ገና ሳይጋቡ የሄዱበት ነው። እሱን አንድ ጊዜ ማየት ፈለጉ። «አሁን ውሃና ሰማይን እለያለሁ» አሉ። «ነገን አላውቅም።»

«እሺ አባባ፣ የፊታችን ቅዳሜ።»

ቅዳሜ መጣ፤ የጎረቤት ልጅ የምረቃ ልብስ ነበረው። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጋረጃ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜን እየወለደ ሄደ። አዛውንቱ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆመው እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ጣታቸውን ይቆጥራሉ። አንዳንድ ቀን አምስቱም ይገኛሉ። አንዳንድ ቀን አውራ ጣቱ ይጠፋል።

ድካም እንግዳ ሆኖ አይመጣም፤ የቤት ሰው መስሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ የእሺታን ሻይ አቀዘቀዘባት። ቀድታ ታስቀምጠዋለች፣ ስታስታውሰው ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አበጅቶ ታገኘዋለች። ቀጥሎ የምግቡን ጣዕም ወሰደ። ከዚያ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ለምን እንደመጣች ትረሳ ጀመር፤ ቆማ ታስባለች፣ በሩም አብሯት የሚያስብ ይመስላታል። ድሮ ጥሩ ልብስ ጨርሳ ስትሰቅል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ለራሷ ፈገግ ትል ነበር። አሁን የሰቀለችውን ልብስ የጎረቤት ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ነው የምታየው።

ስትተኛም አታርፍም። በህልሟ መጨረሻ የሌለው ጠርዝ ትዘመዝማለች። መንገዱን ከቤቶቹ ጋር፣ ጣሪያዎቹን ከሰማዩ ጋር ትሰፋለች፤ ሰማዩ ስስ ስለሆነ መርፌው ይቀደዋል፣ እሷም እየጠቀመች ትከተላለች። ጠዋት ስትነቃ ጣቶቿ ታመው ታገኛቸዋለች።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ሄዳ «ለድካም የሚሆን ነገር ስጪኝ» አለች። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ዓይኗን አየቻት፣ ምላሷን አየቻት፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ጠየቀቻት። «የጎደለሽ እረፍት ነው» አለቻት። «እሱ ደግሞ እኛ ጋ አይሸጥም።» ሁለቱም ሳቁ። ልትወጣ ስትል ሴትዮዋ «ውይ፣ መጣሽ አይደል፣ ይቺን ነጭ ጋዋኔን ኪሷ ተቀዶ» ብላ ሰጠቻት።

«እሺ» አለች እሺታ።

የሠርጉ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሙሽራዋ ቀሚስና የስድስት ሴት ሚዜዎች ቀሚስ።

ሐሙስ ዕለት ሙሽራዋና እናቷ ስፌቱን በምላጭ ቀስ ብለው ፈትተው፣ ቀሚሱን ለክተው፣ ለእሺታ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» ብለዋት ሄዱ። ጉርዷ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች እንደ ጉንዳን መንገድ ተሰልፈው ቀሩ። እሺታ የስፌት መኪናው ጋ ተቀመጠች። ስድስቱ ቀሚሶች ተቆርጠው፣ ገና ሳይገጣጠሙ፣ ጠረጴዛው ላይ ተነባብረዋል።

«ልጄ» አሉ አባቷ።

«አቤት።»

«ያቺ ዜማሽ የት ሄደች?»

«የትኛዋ ዜማ?»

«ስትሰፊ የምታንጎራጉሪያት። ቃል የሌላት።»

«እኔ? እኔ አንጎራጉሬ አላውቅም አባባ።»

«ታንጎራጉሪ ነበር። ገና ወለል ላይ ተቀምጠሽ ቁልፍ ስትለቅሚልኝ ጀምሮ። እንደ እናትሽ ዜማው ይንጋደድብሻል፤ መኪናው ሲፈጥን ትፈጥኛለሽ፣ ክር ሲበጠስ ታቆሚያለሽ። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ጥግ የተቀመጥኩት የመንገዱን ወሬ ለመስማት መሰለሽ?»

እሺታ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ። «መቼ ነው ያቆምኩት?»

«ዝናቡ ከማቆሙ በፊት። ጉንፋን ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጉንፋኑ ግን አልለቀቀሽም።»

ልትሞክር አሰበች። ከንፈሯን ገጠመች፣ ትንፋሿን ሳበች። ሁልጊዜ አንድ ዕቃ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ከፍቶ በጨለማ እጅን እንደ መስደድ ነበር። እጇ የመሳቢያውን ታች ነካ፤ ባዶ ነው።

«ይሄ ሠርግ ይለፍ፣ አርፋለሁ» አለች።

«ሰው ነው የሚያልቀው እንጂ ሥራ አልቆ አያውቅም።»

«ስድስት ቀሚስ ነው አባባ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለእኔም ገብተሻል» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ስለ ሐይቁ ካነሱ ወራት አልፏቸው ነበር። እሺታ ፔዳሉን ረገጠች፤ መኪናው ስለ እሷ ተናገረ። ጥቂት እንደቆየ አዛውንቱ እንደ ወትሯቸው ጠየቁ።

«ያ ሰውዬ ምን ይሠራል?»

በመስኮቱ አየች። «ቁጭ ብሎ መንገድ ያያል።»

«ሥራ የለውም?»

«ዘንድሮ ብዙም የመጣለት አልመሰለኝም።»

«ምስኪን» አሉ አዛውንቱ። በዚህ ጊዜ ለማን እንዳሉት አልገባትም።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ኮታቸውን ጠየቁ። ራሳቸው የሰፉት ጥቁር ኮት ነው፤ ለትልቅ ነገር ካልሆነ አይለብሱትም። ዱላቸውንም ጠየቁ።

«ወዴት ነው?»

«ማዶ።»

እሺታ የሰማችውን እስክታምን ድረስ እሳቸው በሩ ላይ ደርሰዋል። ዱላቸውን ከፊታቸው አንስተው መንገዱ ውስጥ ገቡ። መኪኖች ቆሙ። አንዱ ሹፌር ጥሩምባውን ሊነፋ እጁን አንስቶ፣ ኮቱን ሲያይ ተወው። እሺታ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተከትላቸው ሮጠች፤ ስትደርስ እሳቸው ገብተዋል። እሷ በሩ ላይ ቀረች።

እግሯ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም ነበር። ቤቱ የእነሱን ቤት በመስታወት እንደማየት ነው። ያው ጠረጴዛ በግራ ፈንታ በቀኝ፣ ያው መስኮት፣ ያው የካውያ ሽታ። ከመስኮቱ ባሻገር፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የራሷ ስፌት ቤት ይታያል፤ ደማቁ መብራት በጠራራ ቀን በርቶ፣ ባዶዋ ወንበር ሥሩ ተቀምጣ። ከዚህ ሆኖ ሲታይ በዚያ ቤት ውስጥ የሆነ ሰው የታመመ ይመስላል።

ቁልፌ ከጠረጴዛው ቀና አለ። ቁልፉ በከንፈሩ ነው።

«መንገድ ጠፋህ እንዴ?» አለ። «ቤትህ ፊት ለፊት ነው።»

«አልጠፋኝም። ወንበር አለህ?»

«ለደንበኛ አለኝ።»

«ደንበኛ ነኝ» አሉ አዛውንቱ።

ቁልፉ ከቁልፌ ከንፈር ወደቀ። ወለሉ ላይ ተንከባሎ ተንከባሎ እስኪቆም ሦስቱም ጠበቁት።

«አንተ? እኔ ጋ ልታሰፋ?»

«ስድስት የሚዜ ቀሚስ። ተቆርጧል፤ መግጠም ብቻ ነው የቀረው። ልጄ አትችልም።»

«ልጅህ የማትችለው ነገር አለ? መብራቷ እኮ ለእኔም ይበራል።»

«ትናንት ራሷን ከሙሽራ ቀሚስ ጋር ሰፋች።»

እሺታ ቁልፌ እስኪስቅ ጠበቀች። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ማታ እንደሚስቅባት አውቃ አንገቷን አቀርቅራ ነበር። ቁልፌ ግን አልሳቀም።

«ምን ያህል?» አለ።

«ክንድ ተኩል።»

ቁልፌ ቀስ ብሎ ተነሣና ለአዛውንቱ ወንበር ሳበላቸው። «መምህራችንም እንዲሁ ነበር የጀመረው» አለ። «መጀመሪያ ሱሪውን ከደንበኛ ሱሪ ጋር። ቀጥሎ እጅጌውን ከጠረጴዛው ልብስ ጋር።»

«እኛ ደግሞ ሳቅንበት።»

«ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አንድ ቀን እጁን መኪናው ላይ እንዳደረገ ቁጭ ብሎ ቀረ። ስትጠራው ያይሃል፤ አንተን ግን አያይም። ዳግመኛ መርፌ አልያዘም።»

እሺታ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። የቁልፌን ፊት ላለማየት ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ኮሌታው ላይ አረፈ። እዚያ፣ ከስፌቱ ጎን፣ አንዲት መርፌ ተሰክታ ታበራለች።

«እርስዎም ያስተኛሉ?» አለች፤ ሳታስበው አንቱ ብላው።

«ከአባትሽ ጋር ነው የጀመርነው» አለ ቁልፌ። «መምህራችንን ቤቱ ወስደን አስተኝተን የተመለስን ዕለት።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ። «አራቱን ስጠኝ። ሁለቱን እሷ ቀስ ብላ ትሥራ። ስድስቱንም ከወሰድኩ እኔ ደግሞ ከሚዜ ጋር እሰፋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን ይሉኛል።»

«ደግ።»

«ግን አንድ ነገር።»

«ተናገር።»

«ግራ እጅጌህ ይረዝም ነበር።»

እሺታ ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ግራ ክንዴ ነው የሚረዝመው» አሉ። «እጅጌ የምለካው በራሴ ነበር።»

ቁልፌ የወደቀውን ቁልፍ ከወለሉ አነሣ። «ይሄን ለመናገር ይሄን ሁሉ ዘመን ፈጀብህ?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

ዓርብ ማታ የሙሽራዋ እናት ስልክ ደወለች። ቀሚሶቹ ለሁለት ቤት መከፈላቸውን ተቀብላ፣ ለራሷ ደግሞ አንዲት ቀለል ያለች ጃኬት፣ ምንም የሌለባት፣ አንድ ከሰዓት የማትፈጅ ብታክልላት ብላ ጠየቀች። እሺታ አፏን ከፈተች። የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አይሆንልኝም።»

እሺታ ጣሪያው እስኪደረመስ ጠበቀች።

«እሺ» አለች እናትየዋ። «ያለኝን እለብሳለኋ።»

ቅዳሜ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው የሚያዩትን ይነግሯታል፤ ቀይ ነገር አለፈ፣ ረጅም አጥር፣ አሁን ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ። እሺታ ትሰማቸዋለች፤ ቃላቱ ግን እንደ ክር ከማጠንጠኛው እየተፈቱ ወለሉ ላይ ይወድቃሉ። ወርደው በሣሩ መካከል ሄዱ። ውሃው በዛፎቹ ግንድ መካከል ቀጭን ብርማ መስመር ሆኖ ታያት። የያዘችውን አንሶላ ዛፍ ሥር ዘረጋች፣ አባቷን ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርጋ ግንዱን አስደገፈቻቸው።

«አንድ ጊዜ ጋደም ልበል» አለች። «ከዚያ ዳሩ ድረስ እወስድዎታለሁ።»

ያየችው ህልም ነጭ ነበር። ያው ማለቂያ የሌለው ጨርቅ። ግን መርፌ የለም፤ ፈልጋ አጣችው። ሲጠፋባት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ጨርቁ በራሱ እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ ሲል አየች፣ ላዩ ላይ ተኛችበት፤ ተሸከማት። ከሩቅ እናቷ ይሁኑ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ያንጎራጉራል። ዜማው ይንጋደዳል። ልታርመው አልፈለገችም።

ስትነቃ ፀሐይዋ በዛፎቹ ማዶ ወርዳለች። የአባቷ ጥቁር ኮት ተደርቦላታል።

«ቀስ በይ» አሉ፤ «መርፌው ኮሌታው ላይ ነው።»

ዳሰሰችው። የስፌት መኪናዋ መርፌ ነው። ጠዋት ሳታያቸው ፈትተው ይዘውት መጥተዋል።

«ቀኑን ሙሉ? ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«ለምን ብዬ?»

«ሐይቁን ላሳይዎት አይደል የመጣነው?»

«አየሁት እኮ። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን ታደርጊልኛለሽ።» ከተቀመጡበት ሳይነሱ በዱላቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። «አንቺ እንቅልፍ ነበር የጎደለሽ፣ ተኛሽ። እኔ ውሃ ነበር የጎደለኝ፣ አየሁ። አሁን አውቶቡሱ ጥሩምባ እየነፋ ነው።»

እየሮጡ፣ በእሳቸው አሯሯጥ፣ ደረሱበት። እሺታ ወደ ኋላዋ ያየችው ያቺኑ ብርማ መስመር ብቻ ነው፤ እሷም መሽቶባት ልትጠፋ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ሐይቅ የምታውቀው አባቷ በመንገድ ላይ በነገሯት ነው። ውሃው ከሰዓት ላይ ከሰማዩ ጋር ስለተመሳሰለ የት ጋ እንደሚለያዩ ፈልገው እንዳጡ፣ መጀመሪያ ዓይናቸው የጠፋ መስሏቸው እንደፈሩ፤ ከዚያ አንዲት ነጭ ወፍ ልክ መስመሩ ላይ አርፋ እንዳሳየቻቸው። አንድ ሰውዬ የጀልባውን ሞተር ሊያስነሳ ሲታገል ውሎ በመጨረሻ ጀልባውን በእርግጫ ብሎ እግሩን ይዞ እንደተቀመጠ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ዝም ብላ እንደቆመች።

«ምንም ሳትሠራ?»

«ምንም። እስከምትወጣ ጠበቅኋት። አልወጣችም።»

ሠርጉ በቀኑ ሆነ፤ ሙሽራዋ ግን በእናቷ ስለወጣች ሩብ ሰዓት ዘገየች። አራቱን ቀሚስ ቁልፌ፣ ሁለቱን እሺታ አደረሱ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ከሰፊዎቹ በቀር የለየ ሰው አልነበረም። ደማቁ መብራት ወደ ኋላ ክፍል ተወሰደ። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተጠጋ፣ ትልቁ መቀስ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ፣ ጥላው ሲደርስበት መርፌው ይወጣል። ደንበኛ የቀረ አለ። አንዳንዱ ማዶ ሄደ፤ አንዳንዱ ከማዶ ተመልሶ መጣ። በወሩ መጨረሻ የሚገባው ገንዘብ አነስ አለ፤ የሻይ ጣዕም ግን ተመለሰ።

ዜማው ግን ወዲያው አልመጣም። እሺታ ትጠብቀው ነበር፤ ስለምትጠብቀው ነው መሰል አልመጣም። ክረምቱ አልፎ አንድ ጠዋት ቁልፌ ክር ሊበደር ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ምኑ?»

«የምታንጎራጉሪው። ተንጋዷል።»

እሺታ ደንግጣ አቆመች። ጥጉ ላይ አባቷ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለዋል። ዱላቸው ግን በዜማው ልክ ወለሉን መምታቱን ገና ማቆሙ ነበር።

የአዛውንቱ ዓይን በዚያው ዓመት ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላም ስለ ሐይቁ ሲያወሩ በየጊዜው አዲስ ነገር ያገኙበት ነበር፤ ወፎቹ በዙ፣ የሞተሩ ሰውዬ በመጨረሻ ተሳካለት፣ ጫማዋን ያወለቀችዋ ሴት ግን እዚያው ቆማለች። ሁለት ዓመት ቆይተው በአንድ ሰኞ ጠዋት አረፉ። ጥቁሩን ኮት ያለበሳቸው ቁልፌ ነው። መጀመሪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እጅጌዎቹን ለካ፤ ግራው በጣት ስፋት ይረዝማል። ከዚያ ክንዶቻቸውን ለካ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ኮቱን እንዳለ አለበሳቸው።

እሺታ አንድ ወር ሙሉ ስፌት ቤቱን አልከፈተችም። በዚያ ወር የደንበኞቿን ልብስ የሰፋው ቁልፌ ነው።